‹በገዛ ፈቃዴ› ብላችሁ አትፈርሙ፦ ካንሰር ለጠናበት ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ፣ የጤና ጉድለት ጡረታ ወይስ የ55 ዓመት ጡረታ?

ታላቅ እህቴ ደብዳቤውን የጻፈችው ከደብተር በተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ላይ ነበር። የኬሞ ቀጠሮ ካርዷን ስፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ አገኘሁት። «ባደረብኝ ሕመም ምክንያት የመምህርነት ሥራዬን በአግባቡ ማከናወን ስላልቻልሁ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን መልቀቄን አሳውቃለሁ» ይላል። የአማርኛ መምህርት ናትና አንድ ፊደል እንኳ አልሳተችም። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ተወኝ እስቲ። የኔን ክፍለ ጊዜ እየሸፈኑ ጓደኞቼ ተሰላቹ። ልጆቹም ሜዳ ላይ ቀሩ። ሳይሠሩ ደመወዝ መብላት ነውር ነው።»

የጡቷ ካንሰር አከርካሪዋ ላይ ከደረሰ አራት ወር ሆኖት ነበር። ዕድሜዋ 53፣ አገልግሎቷ 27 ዓመት። እኔ ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ማህደር ሳገላብጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ‹በገዛ ፈቃዴ› የምትለዋ ሐረግ ስንቱን ባዶ እጁን እንዳስቀረችው አይቻለሁ። ያቺን ወረቀት ብትፈርም ኖሮ 60 ዓመት እስኪሞላት፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ከጡረታ አንዲት ሳንቲም አታገኝም ነበር። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርተው የነገሩኝ ዕድሜ ደግሞ ሰባት ዓመት አይሞላም።

ይህን የምጽፈው ያን ጊዜ እህቴን ቁጭ አድርጌ ያስረዳኋትን ነገር ነው። ደመወዝተኛ ሆኖ ካንሰሩ ለተሠራጨበት ሰው፣ ወይም ለሚያስታምመው ቤተሰብ።

በየትኛው በር ነው የምትወጡት?

በጡረታ ሕግ ፊት ከሥራ የወጣ ሰው ሁሉ እኩል አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014፣ የግል ድርጅት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይተዳደራል። ሁለቱም ገንዘቡን የሚያሰሉበት ቀመር ተመሳሳይ ነው። ሰውን ከሰው የሚለየው የወጣበት በር ነው፤ በሩ ደግሞ የሚታወቀው ስንብት ደብዳቤው ላይ በሚሰፍረው ምክንያት ነው።

60 ዓመት ሞልቶት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ የተለመደውን የአገልግሎት ጡረታ ይወስዳል። 25 ዓመት አገልግሎ 55 የደረሰም ቀድሞ መውጣት ይችላል። ሦስተኛው በር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤናው ምክንያት ሥራውን መሥራት እንደማይችል በሐኪሞች ቦርድ የተረጋገጠለት ሰው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ያገኛል። እዚህ ላይ ዕድሜ የሚባል መስፈርት የለም። የ36 ዓመት ሰውም ቢሆን፣ አሥሩን ዓመት ከሞላ፣ አበሉ ዕድሜ ልኩን ይከፈለዋል። አሥር ዓመት ያልሞላው ወርኃዊ አበል የለውም፤ በአገልግሎቱ ልክ የተሰላ ዳረጎት አንድ ጊዜ ተሰጥቶት ይሸኛል።

አራተኛው በር የእህቴ ደብዳቤ ነው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው መዋጮው ቢኖርም አበሉን የሚጠይቀው የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። ካንሰሩ ጉበት ወይም አጥንት ለገባበት ሰው ግን ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው፤ እስካሁን ይህ በር የሚሻልበትን አንድም ሕመምተኛ አላየሁም።

ቀመሩ በእህቴ ደመወዝ

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት መደበኛ ደመወዝ አማካይ ይወሰዳል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የዚያ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የመከላከያና የፖሊስ ስሌት ለየት ይላል።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ የእህቴን የሦስት ዓመት አማካይ 12,000 ብር አድርጌ አሰላሁላት። ከአሥሩ ዓመት በላይ ያላት 17 ዓመት ነው፤ 17 በ1.25 ሲባዛ 21.25። ከ30 ጋር 51.25 በመቶ። በወር 6,150 ብር ማለት ነው።

አማካይ የምትለዋን ቃል አትለፏት። ደመወዝ በቅርቡ ከተጨመረላችሁ አዲሱ ደመወዝ ብቻውን አይቆጠርም፤ ከጭማሪው በፊት በነበሩት ወራት ተበርዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ በሕመም ፈቃድ ላይ እያሉ የሚያልፉ ጥቂት ወራት አማካዩን ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ይህ ግን ወራትን መቁጠር ለሚችል ሕመምተኛ ነው። ለጥቂት መቶ ብር ብሎ ቦርዱን ማዘግየት በሳምንት ሳምንት ለሚደክም ሰው አይመከርም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፦ ከደመወዝ ላይ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ ከጡረታ አበል አይቆረጥም። ስለዚህ ስታወዳድሩ ደብዳቤ ላይ ያለውን ሳይሆን እጅ የሚገባውን አወዳድሩ።

መጀመሪያ የሕመም ፈቃድ፣ ግን ዝም ብሎ አይደለም

ጡረታ ከደመወዝ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ እያለ ወደ ጡረታ መሮጥ ኪሳራ ነው። ችግሩ ፈቃዱ ማለቁ ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚዳኘው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ስድስቱ ወር ሳይቋረጥም ይወሰድ እየተቋረጠ፣ የሚቆጠረው ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንስቶ ነው። ኬሞ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ነው ቢባል፣ ሰው ዙሩን ሳይጨርስ ሙሉ ደመወዙ ያልቃል።

የመንግሥት ሠራተኛ ፈቃድ ከዚህ ሰፋ ይላል። ክልላችን የራሱ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ አለው፤ መምህሩም፣ የጤና ጣቢያ ነርሷም፣ የክፍለ ከተማ ሠራተኛውም የሚዳኙት በዚያ ነው። የዩኒቨርሲቲና የሌላ ፌዴራል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ በፌዴራሉ ነው። የሰው ሀብት ክፍላችሁ ሄዳችሁ «ስንት ቀን ተጠቀምሁ? ሙሉ ደመወዝ የሚቆመው የትኛው ቀን ላይ ነው? ግማሹስ?» ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ነገር ሰውየው የተቀየረ ዕለት ይጠፋል።

የኔ ምክር አጭር ነው፦ ሙሉ ደመወዙ እየተከፈለ ሳለ የቦርዱን ሂደት ጀምሩ፤ ያለ ክፍያ የሚባለው ወር ከመድረሱ በፊት ስንብቱ እንዲጠናቀቅ አድርጉ። አበሉ የሚታሰበው ከስንብቱ ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ስለሆነ ያለ ክፍያ የተቀመጣችሁባቸው ወራት ተመልሰው አይመጡም። በግማሽ ደመወዝ ላይ ግን አትቸኩሉ። 14 ዓመት ያገለገለ የግል ድርጅት ሠራተኛ አበሉ 35 በመቶ ነው፤ አማካይ ደመወዙ 9,000 ብር ቢሆን 3,150 ብር። ግማሽ ደመወዙ 4,500 ነው። ግማሹ ይሻለዋል። አራተኛው ወር ላይ ግን ደመወዙ ዜሮ፣ አበሉ 3,150 ነው።

አንድ የጎንደር ነገር ልጨምር። ብዙ ሕመምተኛ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ጠበል ይገባል፤ ሁለት ሱባኤ፣ ሦስት ሱባኤ ይቆያል። እኔም እህቴን ወስጃታለሁ፣ በዚህ የምከራከረው ሰው የለም። ነገር ግን ጠበል ቤት የሕመም ፈቃድ አይሰጥም። ያለ ሐኪም ወረቀት የቀረ ሠራተኛ በሕግ ፊት ከሥራ የጠፋ ነው፤ ‹ከሥራ በመቅረት› ተብሎ የተሰናበተ ሰው ደግሞ ለጤና ጉድለት ጡረታ ብቁ መሆኑን ለማስረዳት ዳገት ይወጣል። ከመሄዳችሁ በፊት ከሐኪማችሁ የፈቃድ ወረቀት አጽፉ፣ አሠሪውም ዘንድ በመዝገብ ቤት ቁጥር አስገቡት።

የጤና ጉድለት ጡረታና የ55ቱ፦ ሁለቱም ለተከፈቱለት ሰው

56 ዓመት የሞላው፣ 29 ዓመት ያገለገለና ካንሰሩ የተሠራጨበት ሰው ሁለት በር አለው። የሚገርመው ገንዘቡ ላይ ልዩነት የለም፤ ቀመሩ ያው ስለሆነ በሁለቱም 53.75 በመቶ ነው። ልዩነቱ ድካሙ ላይ ነው።

የ55ቱ በር ቦርድ አይጠይቅም። ፎቅ መውጣት፣ ወረፋ መያዝ፣ ልብስ አውልቆ መመርመር፣ ሦስት ጊዜ መመላለስ የለም። ማመልከቻ፣ የአገልግሎት ማስረጃ፣ የዕድሜ ማስረጃ፤ በቃ። ሕመሙን ለባለቤቱና ለሐኪሙ ብቻ የነገረ ሰው ምስጢሩ ይጠበቅለታል። ሁለቱም የተከፈቱለት ሰው ቢጠይቀኝ ያለ ማመንታት ይኼን ነው የምለው።

ዕድሜ ግን የሚቆጠረው በእናት ምስክርነት አይደለም። ስትቀጠሩ የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ የሞላችሁት ነው የሚያዘው። በክርስትና ካርዱ 55 ሆኖ በፎርሙ 53 የሆነ ሰው አውቃለሁ፤ ለመቀጠር ሲል ያኔ ሁለት ዓመት ቀንሶ ሞልቶ ነበርና። ማህደራችሁን አስወጥታችሁ እዩት።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። የግል ድርጅቶች የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በቢራ ፋብሪካ፣ በሆቴል፣ በባንክ ወይም በግል ኮሌጅ የሠራህበት ዘመን የሚቆጠረው በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ 25 ዓመት የሚሞላው 2028 ላይ ነው። ስለዚህ ዕድሜህ 57 ቢሆንም የ55ቱ በር ላንተ ገና አልተከፈተም። ቀድሞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገለገልህበት ዘመን ካለ ግን ይደመርልሃል፤ ከ2003 በፊት የነበረህ ፕሮቪደንት ፈንድ (ከአሠሪህ ጋር የምታዋጣው ቁጠባ) ወደ ጡረታ ተዛውሮ ከሆነም እንደዚያው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለህ ያለህ ምርጫ የጤና ጉድለቱ ነውና ጊዜህን በሌላው አታጥፋ።

የግል ድርጅት ላይ ሌላ እሾህ አለ። የአጎቴ ልጅ ይሠራበት የነበረ ሆቴል በየወሩ ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆርጥ ነበር፤ የፔይሮል ወረቀቱ ይመሰክራል። ሊወጣ ሲል ቢጣራ የ11 ወር መዋጮ አልገባም። የአሠሪውም 11 በመቶ እንደዚያው። ዕዳው የአሠሪው ነው፤ በስተኋላም ተከፈለ። ግን ክርክሩ አራት ወር በላ። ጤነኛ ሳላችሁ፣ ባይሆን ምርመራው በታወቀ ሳምንት፣ በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ የገባውን መዋጮ አስጣሩ። የደመወዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ።

ካንሰሩ ከሥራው የመጣ ነው የሚል ሰው ደግሞ ይኖራል። ከሥራ ለመጣ ጉዳትና በሽታ የጉዳት ጡረታ የሚባል አለ፤ ስሌቱ ከደመወዝ 47 በመቶ ስለሚነሳ አገልግሎቱ አጭር ለሆነ ሰው ይጠቅማል። ለካንሰር ግን መነሻውን ማስረዳት በጣም ከባድ ነው። በግልጽ ከሚታወቅ መርዛማ ነገር ጋር ካልሠራችሁ በስተቀር ያላችሁን ጉልበት እዚህ ላይ አታፍስሱ።

ቦርዱ

ቦርድ ማለት ሐኪም ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ መስጠት አይደለም። አሠሪው ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሐኪሞች ተሰብስበው ያያሉ፤ ውሳኔያቸው ለአሠሪው ይላካል። ያለ አሠሪው ደብዳቤ የሄደ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

እህቴ የመጀመሪያውን የቦርድ ወረቀት ይዛ ስትመጣ አነበብሁት። የበሽታው ስም በእንግሊዝኛ፣ የኬሞው ዙር ቁጥር፣ ከሥሩ «ክትትል ላይ ትገኛለች» የሚል። ማኅተሙ በደንብ አርፏል። ግን ዋናው ጥያቄ አልተመለሰም፦ ይህች ሴት ቆማ ማስተማር ትችላለች ወይስ አትችልም? ክትትል ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሥራ አይተውም፤ የስኳር ሕመምተኛም ክትትል ላይ ነው። የጡረታ ክፍሉ የሚፈልገው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ሥራውን በዘላቂነት መሥራት እንደማይችል የሚናገር ዓረፍተ ነገር ነው። ተመለስን። ሁለት ሳምንት አስወሰደን። በባጃጅ ስንሄድ ኮብልስቶኑ ላይ እያንዳንዱ ንዝረት አከርካሪዋን ሲቆነጥጣት ፊቷ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ለማንም የምለው፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ አሟልታችሁ ሂዱ ነው።

ይዛችሁ የምትሄዱት የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤቱን፣ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ካለ ንባቡን፣ የኬሞና የጨረር ማጠቃለያውን፣ እንዲሁም ሥራችሁ ምን እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው ይናቃል። መምህርት ቀኑን ሙሉ ቆማ ትናገራለች፣ ሹፌር ስምንት ሰዓት ይቀመጣል፣ ጥበቃ ሌሊት ይቆማል፤ ሐኪሙ ይህን ካላወቀ የሚፈርደው በሽታውን ብቻ አይቶ ነው። ጨረር ለመታከም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የተላከ ሰው የዚያን ማጠቃለያ ሳይዝ እንዳይመለስ፤ ከጎንደር ሆኖ ወረቀት ማስላክ ሌላ ሕመም ነው። ከደባርቅ ወይም ከመተማ ለሚመጣ ሰውማ አንድ የጎደለ ወረቀት የሁለት ቀን መንገድ ነው።

ደግሞ ካንሰር ተሠራጨ ማለት ሁሌ ሥራ ቀረ ማለት አይደለም። በእንክብል ብቻ ተይዞ ዓመታት የሚሠራ ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው ቀላል ሥራ እንዲመደብ መጠየቅ ከጡረታ ይሻላል፤ ደመወዙ አይቋረጥም፣ አገልግሎቱም መቆጠሩን ይቀጥላል።

የተደበቀው ስም

እኛ አገር ካንሰር ለሕመምተኛው አይነገርም። ልጆች ሐኪሙን በር ላይ ይዘው «አባታችን እንዳይሰማ» ብለው ያስምላሉ። የሚያደርጉት ከፍቅር ነው፤ እኔም ለወራት እህቴን ‹አጥንትሽ ላይ እብጠት ነው› እያልሁ አታልያለሁ። ግን ጡረታ ሕመምተኛው ራሱ የሚፈርመው ነገር ነው።

የሰፈራችን አንድ ጋሼ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ጨጓራ ነው እየተባሉ ከረሙ። ልጆቻቸው ቦርድ ሲያስቀርቧቸው ለምርመራ ነው ብለዋቸው ነበር። አንዱ ሐኪም ፎርሙን አዙሮ «እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ሲላቸው መነጽራቸውን አወጡና ከላይ ጀምረው አነበቡት። አንድ ቃል አልተናገሩም። ፈርመው ወጡ። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ልጆቻቸውን አላናገሯቸውም፤ ሲደርሱም ያሉት «ቀድማችሁ ብትነግሩኝ የቤቱን ካርታ ነገር እጨርስ ነበር» ብቻ ነው።

ስለዚህ ማን እንደሚነግር ተነጋገሩና ከቦርዱ በፊት ይነገር። ሐኪሙ ቢናገር፣ የነፍስ አባትም አብረው ቢቀመጡ ቀለል ይላል። ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ ከምታስቡት በላይ ያውቃል።

እግረ መንገዳችሁን ውክልና ስጡ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ለልጅ ወይም ለወንድም ጉዳይ የማስፈጸም ውክልና መስጠት የሚቻለው ሰው በራሱ አእምሮ ሳለ ነው፤ የሞርፊኑ መጠን ከፍ ካለ በኋላ የሚያፈርም የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። በውክልና የወጣ ገንዘብ ከሞት በኋላ ከሆነ ቤተሰቡን ያስጠይቃል።

ደመወዝ ለሌለው

ባለ ጉሊቷ፣ ገበሬው፣ የቀን ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ለእነሱ የጡረታ አማራጭ አላወዳድርም፤ የለምና። ያላቸው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው፤ እሱም ወርኃዊ ገንዘብ አይሰጥም፣ የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል እንጂ። መታወቂያው በየዓመቱ ካልታደሰ ዋጋ የለውም፤ ሪፈር ከጤና ጣቢያ ሳያጽፉ ሆስፒታል መሄድም ከኪስ ያስወጣል። የመድህኑን መዋጮ መክፈል ለማይችል ቀበሌው መንግሥት የሚከፍልለት አድርጎ ያስመዘግባል። መሥራት ለማይችል ድሃ በከተማ ሴፍቲኔት ቀጥተኛ ድጋፍ የሚባል ስላለ እዚያው ቀበሌ ጠይቁ። እድሩንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ አንዳንዱ እድር ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለታመመ አባልም ያወጣል።

ለቀሪዎቹ

እህቴ ከገንዘቡ ሁሉ የጠየቀችኝ ይህን ነበር፦ «እኔ ስሄድ ለልጅቷ ይቀራል?»

ይቀራል። አበል ተቀባይ ሲሞት፣ ወይም አሥር ዓመት ያገለገለ ሰው በሥራ ላይ እያለ ሲሞት፣ ተተኪዎች ይወስዳሉ። የትዳር ጓደኛ የአበሉን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ። ድምሩ መቶ በመቶ አያልፍም፤ አራት ልጅ ካለ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። ከ6,150 ብር ላይ ለባሏ 3,075፣ ለልጇ 1,230 ብር። ስለዚህ አንዳንድ ሰው እንደሚፈራው ጡረታ ሳይወጡ መሞት ቤተሰቡን ባዶ አያስቀርም። ሂደቱ ሳያልቅ ሞት ቢቀድም ጥፋት ሠራን ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ።

ቤተሰብን የሚያንገላታው ወረቀት ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌለው ባለትዳር ብዙ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት በሽማግሌ የተጋባ ሰው ጋብቻውን ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ያስመዝግብ። አንዱ ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። የልጆች ልደት ምስክር ወረቀትም እንደዚያው። የስም ፊደል ተመልከቱ፤ በአንዱ ወረቀት ‹ፀሐይ› በሌላው ‹ጸሀይ› ከሆነ፣ ሁለት ሰው ነው የሚል ባለሙያ አይጠፋም።

የስንብቱ ረቂቅ ደብዳቤ ተጽፎ ሲመጣ እህቴ አልጋ ላይ ሆና «አምጣው» አለችኝ። ትራስ ደግፌላት ተቀመጠች። ጸሐፊው የተለመደውን ቅጽ ገልብጦ ኖሮ «መምህርቷ በራሳቸው ጥያቄ ከሥራ ስለተሰናበቱ» ይላል። ከራስጌዋ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳች፤ የፈተና ወረቀት የምታርምበትን። ‹በራሳቸው ጥያቄ› የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና በላዩ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ፣ «በሐኪሞች ቦርድ በተረጋገጠ የጤና ጉድለት ምክንያት» ብላ ጻፈች። ከዚያ ከሥር «ዓረፍተ ነገሩን እንደገና ጻፍ» የሚል ጨመረችበትና መለሰችልኝ።